ስለ አደን ጠመንጃ ካሊበር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሌና በአርሲ ደጋ በፈቃድ የሚያድኑ እንግዶችን ለዓመታት መርቻለሁ። ሐዋሳ ላይ ቡና ለመጠጣት በተቀመጥኩ ቁጥር «ለጎሽና ለደጋ አጋዘን የትኛው ጠመንጃ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ ጠያቂው ግን «ትልቁ ነዋ!» የሚለውን መልስ አስቀድሞ ይዞ ይመጣል። ይህን መስማት ሰልችቶኛል።

ካሊበር የኃይል መለኪያ አይደለም፤ የአፈሙዙን ስፋት ብቻ ይነግረናል። አያቶቻችን ውጅግራ ይሉት የነበረው የፈረንሳይ ጠመንጃ (እ.ኤ.አ. 1874) 11 ሚሊሜትር ቢሆንም፣ 25 ግራም እርሳሱን በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚወረውር ጉልበቱ 2,500 ጁል አካባቢ ነው። ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት የሚባለው የአሜሪካ ጥይት ግን በ7.62 ሚሊሜትር አፈሙዝ 11.7 ግራም እርሳስ በሰከንድ 820 ሜትር ገደማ ልኮ ወደ 3,900 ጁል ይደርሳል። የክላሽም ጥይት 7.62 ነው፤ ቀለሁ አጭር፣ ባሩዱም ትንሽ በመሆኑ ጉልበቱ የዚህ ግማሽ ያህል ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ «ትልቅ ጠመንጃ የተሳሳተ ምት ያርማል» የሚለው እምነት ነው። አንድ እንግዳ ለደጋ አጋዘን 458 የሚባለውን ጠመንጃ (ቁጥሩ በኢንች ሺኛ ነው፤ 11.6 ሚሊሜትር ገደማ) ይዞ መጣ፤ ይህ ጥይት ለዝሆንና ለጎሽ የተሠራ ነው። ኢላማ ላይ ሲሞክር ምቱ ሁሉ ወደ ታች ስለወረደብኝ፣ ሳልነግረው ባዶ ቀለህ አጉርሼ ሰጠሁት። ቃታውን ሲስብ ጠመንጃው ቀጭ ብቻ አለ፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ትከሻውን ወደ ፊት ገፋ፣ አፈሙዙም አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት ዘቀጠ። የሚፈራው የሰደፉን ምት ነበር። ሠላሳ-ዜሮ-ስድስት ባስያዝኩት ማግስት አምስት ጥይቶችን በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ሰበሰበ፤ 300 ኪሎ ለሚደርስ ወንድ አጋዘንም ይህ ይበቃል። ጥይቱ ከፊት እግር ጀርባ ገብቶ ልብና ሳንባን ካላገኘ፣ ሆዱን በ458 የተመታ እንስሳም ገደል ወርዶ ለሰዓታት ተሠቃይቶ ይሞታል፤ ፍለጋውን የሚሄዱት ደግሞ ተኳሹ ሳይሆን የአካባቢው ልጆች ናቸው።

«ጥይት እንስሳን አንሥቶ ይጥላል» የሚሉም አሉ፤ ጥይቱ ወደ ፊት በተገፋበት መጠን ሰደፉም ወደ ኋላ ይገፋልና፣ ያን ያህል ቢገፋ ኖሮ ተኳሹንም በጣለው ነበር።

በተቃራኒው፣ ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል ዝሆን በ7 ሚሊሜትር ይገድል ነበርና ትንሹ ለሁሉም ይበቃል የሚሉ አሉ። ቤል የዝሆንን የራስ ቅል አሰንጥቆ ያጠና፣ አንጎሉን ከየትኛውም አቅጣጫ ማግኘት የሚችል ሰው ነበር። እናንተ ግን ለጎሽ እ.ኤ.አ. በ1912 ከወጣው 375 (9.5 ሚሊሜትር ገደማ) በታች አትያዙ፤ 19.4 ግራም እርሳሱ ከ5,500 ጁል በላይ ይዞ ይሄዳል፣ ብዙ ሰውም ሳይፈራው ይተኩሰዋል። እርሳሱም አጥንት ሲያገኝ የማይበታተን፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን።