የፌቲሽ ፓርቲ የአለባበስ ደንብ፦ ከበርሊን እስከ ለገጣፎ ቪላ

ለገጣፎ ወይም ሱሉልታ ላይ ቪላ ተከራይቶ ፓርቲ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው ቀለሙን ነው። «ድሬስ ኮድ፦ ጥቁርና ወርቃማ» ይልና በቴሌግራም ይለቀዋል። ቀለሙን ያልጠበቀ እንግዳ በር ላይ ትንሽ ይቀለድበታል እንጂ አይመለስም። ከፍሎ ገብቶ ማን ይመልሰዋል! የአለባበስ ደንብ የምር የሚከበርበት ቦታ የፌቲሽ ፓርቲ ነው።

ፌቲሽ ፓርቲ የሚባለው እንደ ቆዳ፣ ላቴክስ (ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ስስ የጎማ ልብስ)፣ ዩኒፎርም ወይም ረጅም ቡትስ ያለ ነገር የወሲብ ስሜታቸውን የሚቀሰቅስባቸው አዋቂዎች እንደዚያው ለብሰው የሚገናኙበት ምሽት ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ በይፋ የሚጠራ የለም። ስሙ በብዛት የሚነሳው ለንደንና በርሊን ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ስኪን ቱ የተባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1983 ተከፈተ፤ ቶርቸር ጋርደን በ1990 ተከተለ። የበርሊኑ ኪትካትክለብ የተጀመረው በ1994 ነው። ከ1984 ጀምሮ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የሚካሄደው የፎልሰም ጎዳና ፌስቲቫል ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በአደባባይ ስለሆነ የአለባበስ ግዴታ የለበትም።

በክለቦቹ በር ላይ ጂንስ፣ ስኒከርና ተራ ቲሸርት አያስገቡም። ሱፍ ለብሶ ክራቫት ያሰረ ሰውም ሊመለስ ይችላል። ነገሩ የፋሽን ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ጉድ ለማየት ብቻ የመጣውን ሰው በር ላይ የሚያስቀረው ይሄው ደንብ ነው። ላቴክስ ለመልበስ ሰውነት ላይ ታልክ ፓውደር መነስነስ ወይም ማለስለሻ መቀባት ያስፈልጋል። ጥፍር ይቀደዋል፣ ዘይት ያበላሸዋል። ይህን ሁሉ ታግሶ የመጣ ሰው ጥግ ይዞ ሌላው ላይ ለማፍጠጥ ብዙም አይመጣም። ደግሞም እንደዚያ ለብሶ ባቡር የሚሳፈር ጥቂት ነው። አብዛኛው በካፖርት ተሸፍኖ መጥቶ ውስጥ ይቀይራል።

ቀጥሎ ስልክ አለ። በብዙ የበርሊን ክለቦች በር ላይ ያለው ሠራተኛ ስልኩን ተቀብሎ ካሜራው ላይ፣ ከፊትም ከኋላም፣ ትንሽ ክብ ስቲከር ይለጥፍበታል። ስቲከሩን ልጦ የተገኘ ሰው ይባረራል። እኛ ጋር ድሬስ ኮድ የሚወጣው ለፎቶ ነው፤ ፎቶግራፈሩ ከዲጄው ቀድሞ ይያዛል። እነሱ ጋር ያ ሁሉ ልብስ ይለበስና ፎቶ የለም። በነገራችን ላይ የእኛም ሕግ ስለዚህ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። መዋኛው ዳር ቆሞ ቲክቶክ ላይቭ የሚገባው ልጅ ይህን የሰማ አይመስለኝም።

የፌቲሽ ፓርቲ ደህንነት ዋና ምሰሶ ግን ፈቃድ ነው። የተገላለጠ ልብስ ለመነካት ፈቃድ ሆኖ አይቆጠርም። «ዝምታ መስማማት ነው» የሚባለውም እዚያ አይሠራም። ሰው ከመነካቱ በፊት ይጠየቃል፤ «አይ» ካለ ምክንያት አይጠየቅም። ሁለት ሰዎች በስምምነት እንደ ማሰር ወይም መምታት ያለ የወሲብ ጨዋታ ሲጀምሩ የማቆሚያ ቃል ይነጋገራሉ። የተለመደው የትራፊክ መብራት ነው፦ ቢጫ ሲባል ይቀዘቅዛል፣ ቀይ ሲባል ወዲያው ይቆማል። የተለየ ቃል ያስፈለገው «ተው» ማለት ራሱ የጨዋታው አካል ሊሆን ስለሚችል ነው። ዙሪያውን የሚቃኙ፣ ከሩቅ የሚለዩና መጠጥ የማይቀምሱ ተቆጣጣሪዎች ይመደባሉ። ያም ሆኖ ፈቃድ ከሕግ አያስጥልም። እ.ኤ.አ. በ1993 የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በ3 ለ2 ድምፅ፣ አካል ላይ ጉዳት ከደረሰ ተጎጂው ፈቅዶ ነበር ማለት መከላከያ እንደማይሆን ወስነዋል።

ወደ ቪላው እንመለስ። እዚህ ያለው ጥበቃ በር ላይ ጋቢ ለብሶ፣ በባትሪ መብራት ስም ዝርዝር የሚያይ ዘበኛ ነው። እሱ የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣን ሌባ ነው። ውስጥ ለሚፈጠረው ለከፋ ኃላፊ የተመደበ የለም። ልጅቷ ብትናገር እንኳ መጀመሪያ የሚነሳው «እሷስ ምን ለብሳ መጣች?» የሚል ጥያቄ ነው፤ ድሬስ ኮዱን ያወጣው አዘጋጁ መሆኑ ይረሳል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ መታወቂያ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይታይም።

ከከተማ ዳር ሲሆን ደግሞ መውጫው ራሱ ፈተና ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል የሚመለስ ራይድ ማግኘት ከባድ ነው። ፓርቲው ያልተመቸው ሰው ሌላው እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የገባቸው አዘጋጆች ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው በየሰዓቱ እስከ መገናኛ ወይም ፒያሳ ያመላልሳሉ፤ የሾፌሩንም ስልክ ግብዣው ላይ ከቀለሙ ሥር ይጽፉታል።