«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አህያ ከገበያ ስትመለስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ልጅ ሆኜ ለጥምቀት አያቴ ዘንድ ስሄድ ደጋግሜ አይቻለሁ። መጫኛው ይፈታል። ጭነቱ ዱብ ይላል። ጀርባዋ ላይ ላቡ ከአቧራ ጋር ደርቋል፤ ገመዱ የፈገፈገው ቦታ ቀልቷል። ቀጥ ብላ የምትሄደው ወደ ጓሮ ነው፤ አያቴ በየጠዋቱ የምድጃ አመድ ወደምትደፋበት። መጀመሪያ ታሸተዋለች። አንዴ ሁለቴ ዞር ዞር ትላለች። ከዚያ ጉልበቷን አጥፋ ትወድቅና በጀርባዋ ትንከባለላለች፤ አራቱም እግሯ ወደ ሰማይ። ስትነሳ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ግራጫ ሆና ነው። ያኔ ነው ውሃ የሚያምራት።

አባባሉ የተወለደው ከዚህ ጓሮ ነው። ማን መጀመሪያ እንዳለው መፈለግ አያስፈልግም፤ አህያና ምድጃ ያለበት ቤት ሁሉ ሊለው ይችላል። ላቡ ያሳክካታል፣ ዝንቡ ያስቸግራታል፣ ጀርባዋ ያቃጥላታል። አመዱ ደግሞ ደረቅና ልስልስ ነው። ሌላ ቦታ ብትወስዷት አትረጋም።

ቃሉንም እዩት። «ካመዱ» ማለት «ከአመዱ» ነው፤ ለአፍ እንዲመች ተሳስቦ ነው። ዘመድና አመድ በአንድ ፊደል ብቻ ይለያያሉ። ቤት መትቶላቸው ብቻ አይደለም ጎን ለጎን የተቀመጡት። ዘመድ የሚለው ቃል በግእዝ ወገንንም ዓይነትንም ይዟል። መዛመድ ማለት ከአንድ ወገን መሆን፣ መግጠም ማለት ነው። አባባሉ እንግዲህ የሚለው ይህ ነው፤ አህያ የትም ብትውል ወደ አመዷ ትመለሳለች፣ ሰውም የትም ቢደርስ ወደ ወገኑ ያደላል።

ስንጠቀምበት ግን ሁልጊዜ በአንድ ቃና አይደለም። ለዓመታት ውጭ አገር የኖረ ልጅ ሲመለስ አክስቱ አቅፋው በእንባ ትለዋለች። ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ገብቶ ሁለቱም የዞሩበት ሽማግሌ ከንፈሩን መጥጦ ይለዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃው የወንድሙን ልጅ ሲቀጥር በሹክሹክታ ይባላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ የሚባለው ነው። ምስክር ተጠርቶ «አላየሁም» ብሎ ሲወጣ፣ ያየ መሆኑን ሁሉም እያወቀ፣ አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ምን ታደርገዋለህ፣ ዘመድ ከዘመዱ» ይላል። አህያዋን እንኳ አይጨምራትም። ግማሹ ይበቃል።

እኔ ይህን የመጨረሻውን ሳስብ ሁልጊዜ ሁለት ጥንድ ወንድማማቾች ይመጡብኛል። ሁለቱም ጥንድ አሜሪካውያን ናቸው። አህያና አመድ አያውቁም ይሆናል፤ ነገሩን ግን ከማንም በላይ ኖረውታል። ዓመቶቹንና ወሮቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

የመጀመሪያዎቹ የቦስተን ልጆች ናቸው፤ ሳውዝ ቦስተን የሚባለው የአይሪሾች ሰፈር። ታላቁ ጄምስ በልጀር ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው ዋይቲ ብሎ ነው። ታናሹ ዊሊያም፣ በቁልምጫው ቢሊ። ዋይቲ የወሮበሎች አለቃ ወጣው። ቢሊ ሕግ ተምሮ ፖለቲካ ገባ፤ ከ1978 እስከ 1996 የማሳቹሴትስ ሴኔት ፕሬዚዳንት ነበር። አንድ ማዕድ የበሉ ልጆች፣ አንዱ ሕግ አውጪ አንዱ ሕግ ጣሽ።

በ1994 መጨረሻ ዋይቲ ሊከሰስ መሆኑን ቀድሞ ሰማና ተሰወረ። ሹክ ያለው ጆን ኮናሊ የተባለ የኤፍቢአይ፣ የአሜሪካ ፌዴራል የወንጀል ምርመራ ቢሮ፣ የቀድሞ ባልደረባ ነው። እሱም የዚያው ሰፈር ልጅ። በጥር 1995 ዋይቲ ለወንድሙ ደወለ። ቢሊ ጥሪውን የተቀበለው በራሱ ቤት ስልክ አይደለም፤ ቀጠሮ ተይዞ ሰው ቤት ሄዶ ነው። በዚያች ሰዓት መነጋገሪያውን ጆሮው ላይ የያዘው ሰው የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ነበር። በ2001 ለግራንድ ጁሪ፣ ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብሎ ለሚወስን የዜጎች ሸንጎ፣ ሲመሰክር ለወንድሙ ታማኝ መሆኑን፣ እንዲያዝ የመርዳት ግዴታም እንደማይሰማው ተናገረ። በ2003 ኮንግረሱ ፊት ቀረበ። ያኔ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በዚያው ዓመት ከቦታው ለቀቀ።

ሦስተኛ ወንድምም አላቸው፤ ጃኪ ይባላል። የወጣቶች ፍርድ ቤት ሹም ሆኖ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስለ ወንድሙ ተጠይቆ በመሐላ ዋሸ። በ2003 ጥፋቱን አምኖ 6 ወር ታሰረ፤ ጡረታውንም አጣ።

ዋይቲ እስከ ሰኔ 2011 አልተያዘም። ከ16 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ሳንታ ሞኒካ፣ ካሊፎርኒያ ሲገኝ ዕድሜው 81 ነበር። በ2013 ጁሪው በ11 ግድያዎች እጁ እንዳለበት አረጋገጠ፤ ሁለት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። በ2018 እስር ቤት ውስጥ ተገደለ።

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ የሚለውን ልንገራችሁ፤ እኔን ሲያስገርመኝ ይኖራል። በማሳቹሴትስ ሕግ ወንጀለኛ የሸሸገ ሰው ይቀጣል። ሸሻጊው ግን ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ፣ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ከሆነ፣ ዝምድናው መከላከያ ይሆነዋል። በፌዴራሉ ሕግ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የእኛም የ1996 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) የወንጀል ሕግ ሰው ለቅርብ ዘመዱ ብሎ ወንጀለኛ ሲሸሽግ ወይም ሳይጠቁም ሲቀር፣ ዳኛው የነበረበትን የህሊና ጭንቅ አይቶ ቅጣቱን እንዲያቀልለት በር ከፍቷል። ሕግ አውጪዎቹ ሰው ናቸውና አመዱን ያውቁታል። ጃኪም የታሰረው ወንድሙን ስለወደደ አይደለም። እጁን አንስቶ ምሎ ስለዋሸ ነው።

አያቶቻችን ለዚህ ጭንቅ ብልሃት ነበራቸው። አገር ቤት ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሲጠፋ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። አውጫጭኝ ይባላል፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። የቀረ ይቀጣል። የመጣም ወንጀለኛው እስኪወጣ ከሥራው ይስተጓጎላል። ግን ሰው የአጎቱን ልጅ እንዴት አደባባይ ቆሞ ይጠቁማል? በነጋታው ማን ቤት ቡና ይጠጣል? ስለዚህ ጠቋሚው ስሙ አይጠራም ነበር። «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌው ወፍ ያለችውን ይሰማል፤ ወፏ ማን እንደሆነች ግን አይወጣም። ዝምድናም አይቆረጥም፣ በደልም ተሸፍኖ አይቀርም። እኔ ይህን ከአገራችን የፍትሕ ሥርዓት ውስጥ እጅግ የሰው ልብ የሚያውቅ ነገር አድርጌ ነው የማየው።

ሁለተኛዎቹ ወንድማማቾች ጋ የመጣሁት በዚህ ወፍ ምክንያት ነው። ቴድና ዴቪድ ካዚንስኪ።

ከ1978 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው በፖስታ ቦምብ ይልክ ነበር። 3 ሰው ገደለ፤ 23 አቆሰለ። ፖሊስ 17 ዓመት ፈልጎ አጣው። በመስከረም 1995 ዋሽንግተን ፖስት የዚህን ሰው ረጅም ጽሑፍ አተመ። 35 ሺህ ቃል ይሆናል። ካላተማችሁ እገድላለሁ ብሎ ስለነበር ነው። መጀመሪያ የጠረጠረችው የዴቪድ ሚስት ሊንዳ ናት። የባሏን ወንድም አግኝታው አታውቅም፤ ግን ለቤተሰቡ የሚጽፈውን ደብዳቤ ታውቅ ነበር። ዴቪድ መጀመሪያ አላመነም። ጽሑፉን ሲያነብ ግን አንዲት የወንድሙ አነጋገር ዓይኑ ላይ ድቅን አለች። የታላቅ ወንድሙን አፍ የማያውቅ ማን አለ? በ1971 ሞንታና ውስጥ አንድ ላይ መሬት የገዙ ወንድማማቾች ናቸው። ቴድ ያለ መብራት፣ ያለ ቧንቧ ይኖርባት የነበረችው ጎጆ እዚያች መሬት ላይ ነበረች።

ዝም ቢል ሌላ ሰው ይሞታል። ቢናገር ወንድሙ ሊገደል ይችላል። በ1996 መጀመሪያ በጠበቃ በኩል ለኤፍቢአይ ነገረ። ስሜ አይውጣ አለ። አይወጣም ተባለ። ወፍ መሆን ነበር የፈለገው። ሚያዝያ 3 ቀን ቴድ ተያዘ፤ የዴቪድ ስም ወዲያው ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። ለእሱ ወፏን የሚጠብቅለት ሽማግሌ አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ነገር ከልቤ አትወጣም። ዴቪድ ወንድሙን መጠቆሙን ለእናቱ ለዋንዳ ሊነግራት ሄደ። እንዴት ብሎ ይጀምራል? አንዱን ልጅሽን አሳልፌ ሰጠሁት የሚል ሌላው ልጅ ነው። እየተንገዳገደ ተናገረው። እሷ ተነሳች፤ አንገቱን አቀፈችና ሳመችው። ምን ያህል ስትጨነቅ እንደከረምክ መገመት አልችልም አለችው። ቴድን እንደምትወደው አውቃለሁ፣ ግድ ባይሆንብህ አታደርገውም አለችው።

በዚህ ጊዜ ሌላ የአገራችን አባባል ትዝ ይለኛል፤ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች።» ጭብጦ ለእረኛና ለመንገደኛ የሚያዝ፣ በእጅ የምትጨበጥ ቂጣ ናት። በቅሎ ደግሞ የድሮ ሰው ክብሩ ነበረች። ዴቪድ በቅሎውን ሰጥቷል። ዓቃቤ ሕግ ሞት እንዲፈረድ ሲጠይቅ ግን እሱና እናቱ በየቦታው ቆመው ለመኑ፤ ወንድሜ የአእምሮ በሽተኛ ነው አለ። በጥር 1998 ቴድ ጥፋቱን አመነ፤ ከሞት ተርፎ ዕድሜ ልክ ሆነለት። ለጠቋሚው የተመደበ 1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዴቪድ ከግብርና ከጠበቃ ወጪ የተረፈውን ለተጎጂ ቤተሰቦች ሰጠ።

አሁን ወደ አያቴ ጓሮ ልመለስ። ብዙ ሰው አባባሉን «ደም ይስባል፣ ምንም አይደረግም» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን አንድ ነገር የተዘለለ ይመስለኛል። አህያዋ አመዱ ላይ የምትተኛው ጭነቱ ከወረደ በኋላ ነው። ተጭና ከተንከባለለች እህሉ ይደፋል፣ መጫኛው ይበጠሳል፣ የሰው ንብረት አመድ ይሆናል። አያቴ እህሉ ሳይወርድ ወደ ጓሮ የምታዘግም አህያ ካየች ከምድጃዋ ዘላ ተነስታ ነበር የምትመልሳት። አህያዋን ጠልታ አይደለም። መጀመሪያ ጭነቱ፣ ከዚያ አመዱ።

ቢሊ በልጀር ጭነት ነበረበት። የሕዝብ አደራ ነው፤ በማሳቹሴትስ ሕግ ስም የማለበት ወንበር። ከነጭነቱ ተንከባለለ። በወንድሙ ፍቅር አልፈርድበትም፤ እኔም ወንድም አለኝ። ዋይቲ ገደላቸው የተባሉት 11 ሰዎችም ግን ወንድምና እህት ነበራቸው፤ 16 ዓመት የጠበቁት እነሱ ናቸው። ዴቪድ መጀመሪያ ጭነቱን አወረደ። ከዚያ ወደ ወንድሙ ተመለሰ፤ ሕይወቱን ለማዳን ተሟገተ፤ እስር ቤት ደብዳቤ ጻፈለት። አንዱም ወደ አመዱ ሳይሄድ አልቀረም።

አባባሉ እንዲህ ሲነበብ ነው ለእኔ ሙሉ የሚሆነው። ባለጉዳዩ ዘመዱን ካደ ማለት አይደለም። ጠያቂ ልሆንለት፣ ስንቅ ላቀብለው፣ ጠበቃ ልያዝለት፣ ሲወጣ ቤቴ ላስገባው ማለት ነው፤ የሌላውን ሰው እህል ደፍቼ ግን አይደለም። አገር ቤት ልጁን እጁን ይዞ ጣቢያ ወስዶ ያስረከበና በየሳምንቱ ምግብ ያመላለሰ አባት አውቃለሁ። ሰፈሩ ጨካኝ አለው። ሰሃኑን ግን ስንት ጊዜ በፌስታል ቋጥሮ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ሹሮው ከላይ፣ እንጀራው ከታች፣ አንዳንዴ በዓል ሲሆን ትንሽ ዶሮ።

ዴቪድ ምን አገኘ ካላችሁኝ፣ አማርኛ ለእሱም ቃል አለው። አመድ አፋሽ እንላለን፤ ደግ ሠርቶ እጁ ላይ አመድ ብቻ የቀረለት። ደብዳቤውን ለዓመታት ደጋግሞ ጻፈ። ቴድ አንዱንም አልመለሰለትም። በሰኔ 2023 በ81 ዓመቱ እስር ላይ እያለ ሞተ።