የቪዲዮ ቅንጭብ «ቆይታ» ምንድን ነው?

«ከ10ኛው እስከ 12ኛው ደቂቃ ቁረጥ ብለው ሶፍትዌሩ 12 ደቂቃ ሙሉ ቆረጠልኝ» የሚል አቤቱታ ዛሬም አነበብሁ። ሶፍትዌሩ ግን የፈጸመው የታዘዘውን ነው። ቆይታ ማለት የቅንጭቡ ርዝመት እንጂ በዋናው ቪዲዮ ላይ የሚያበቃበት ቦታ አይደለም፤ ስለዚህ መነሻውን 00:10:00 አድርጎ በቆይታው ቦታ 00:12:00 የጻፈ ሰው እስከ 22ኛው ደቂቃ እንዲቆረጥለት ጠይቋል። መጻፍ የነበረበት 00:02:00 ነው። «ከገጽ 40 ጀምረህ 60 ገጽ አንብብ» የተባለና «ከገጽ 40 እስከ ገጽ 60 አንብብ» የተባለ አንባቢ እኩል አይጨርሱም።

በጽሑፍ ትእዛዝ ቪዲዮ የሚቆርጠው ሶፍትዌር ኤፍኤፍኤምፔግ (FFmpeg) ሁለቱንም ያውቃል፦ «ቲ» (-t) ቆይታን፣ «ቱ» (-to) ማብቂያን ይወስናል፤ ሁለቱም ከተጻፉ የሚሠራው «ቲ» ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው መነሻውን የሚወስነው «ኤስኤስ» (-ss) የሚጻፍበት ቦታ ነው። «ኤስኤስ» ከግብዓቱ ፋይል ስም በፊት፣ «ቱ» ደግሞ ከስሙ በኋላ ከተጻፈ፣ ሶፍትዌሩ ቪዲዮውን እንደ መጽሐፍ ከመነሻው በፊት ያሉትን ገጾች ገንጥሎ የቀሩትን እንደ አዲስ ይቆጥራቸዋል፤ «እስከ ገጽ 60» የሚለውም በአዲሱ ቁጥር ስለሚተረጎም ማብቂያው ቆይታ ሆኖ ያርፋል። ከ4.0 እትም ወዲህ ግን «ቱ»ንም ከፋይሉ ስም በፊት መጻፍ ስለሚቻል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይህን ስሕተት ያስቀራል።

«ታዲያ ቁጥሩን በትክክል ጽፌም ለምን ቀድሞ ጀመረ?» ለሚለው መልሱ ሌላ ነው። በተጨመቀ ቪዲዮ ውስጥ አብዛኛው ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበት ነጠላ ምስል) «ከላይ እንደተገለጸው» እያለ ወደ ሌላ ገጽ የሚመራ ገጽ ስለሆነ፣ ብቻውን ሲገነጠል አይነበብም። ብቻውን የሚነበበው የምዕራፉ መክፈቻ፣ ማለትም ኪፍሬም ነው። ዳግም ኢንኮድ ሳይደረግ (ተፈትቶ እንደገና ሳይጨመቅ) በቀጥታ ቅጂ የሚቆረጥ ቪዲዮም መነሻው ወደ ቀደመው ኪፍሬም ይመለሳል። ቪዲዮ የሚጨምቀው ኤክስ264 (x264) ካልተነገረው በቀር በሁለት ኪፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም ይፈቅዳል፤ ይህም በሰከንድ 25 ፍሬም ላለው ቪዲዮ 10 ሰከንድ ነው። ዳግም ኢንኮድ ሲደረግ ግን ሶፍትዌሩ ከኪፍሬሙ ጀምሮ ፈትቶ እስከተጠየቀው ቅጽበት ያለውን ስለሚጥል ቁርጡ በቦታው ያርፋል፤ ዋጋው ጊዜና በመጠኑም ቢሆን የምስል ጥራት ነው።

በአጻጻፍም ጥንቃቄ ያሻል፦ 90 እና 1:30 አንድ ቆይታ ናቸው፤ 1.30 ግን አንድ ሰከንድ ከ300 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው።