«ሰው እያየው ከሆነ ምን ያስፈራል?»፦ ስለ አየር ትራፊክ ቁጥጥርና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ አውሮፕላን በላያችን ባለፈ ቁጥር ወሬው ወደ እኔ ሥራ ይዞራል። 14 ዓመት በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ሠርቼ አሁን ሰልጣኞችን ስለማስተምር፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ሙያችን እየገባ መሆኑን የሰማ ሁሉ አስተያየቱን ይሰጠኛል። ባለፈው ወር በእድር ስብሰባ ላይ ሰብሳቢያችን «ልጄ፣ ሰው እያየው ከሆነ ምን ያስፈራል?» ሲሉኝ፣ ይህንኑ ቃል ከመሐንዲስም፣ ከሶፍትዌር ሻጭም፣ ከኃላፊም አፍ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አስታወስሁ። የእርሳቸው ጥያቄ ቅን ነው፤ ከሙያው ሰው አፍ ሲወጣ ግን ይቅር የማይባል ቸልተኝነት ነው። ወደ እርሱ ከመድረሴ በፊት ሌሎቹን ባጭሩ ላንሳ።

«የተቆጣጣሪ ሙያ ሊጠፋ ነው።» አይደለም። በእንግሊዝ በ2021 እ.ኤ.አ. የተጀመረውና የአላን ቱሪንግ ተቋምና የኤክስተር ዩኒቨርሲቲ የሚሳተፉበት ፕሮጀክት ብሉበርድ የተባለው ምርምር ሰው ሠራሽ ተቆጣጣሪዎችን የፈተነው በኮምፒዩተር በተመሰለ የአየር ክልል ላይ እንጂ እውነተኛ አውሮፕላኖችን እንዲመሩ በማድረግ አይደለም።

«የነርቭ መረብ በሒሳብ ሊፈተሽ አይችልም።» የነርቭ መረብ ማለት የአንጎልን ነርቮች በመምሰል የተሠራ፣ ከመረጃ የሚማር ፕሮግራም ነው፤ ትንሽ ከሆነ መፈተሽ ይቻላል። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ለሰው አልባ አውሮፕላኖች ግጭት መከላከያ የተዘጋጁ፣ እያንዳንዳቸው 300 ነርቮች ያሏቸውን 45 መረቦች መርምረው የተወሰኑ ባሕርያቸውን አረጋግጠዋል። መረቡ በገዘፈ ቁጥር ግን ሥራው እጅግ ይከብዳል።

«99 ከመቶ ትክክል ከሆነ ይበቃል።» አንድ ተቆጣጣሪ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት 100 ትእዛዝ ቢሰጥ፣ ይህ በየሰዓቱ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ማለት ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ሲነደፍ ለከፋ አደጋ የሚዳርግ ብልሽት በ1 ቢሊዮን የበረራ ሰዓት አንዴ እንኳ እንዳይጠበቅ በሚጠየቅበት ዘርፍ፣ ይህን ቁጥር በኩራት የሚያቀርብ ሰው የት እንደመጣ አልገባውም።

«መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች ያለቁበት አደጋ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ውጤት ነው።» ሐዘኑ የሁላችንም ስለሆነ ይህን በጥንቃቄ መመለስ ይገባል። በቦይንግ 737 ማክሱ ላይ የነበረው ኤምካስ የተባለው አውቶማቲክ ሥርዓት ከመረጃ የሚማር አልነበረም፤ አስቀድሞ በተጻፈለት ሕግ መሠረት፣ ከአንድ ዳሳሽ ብቻ የመጣለትን የተሳሳተ ልኬት አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች የሚገፋ ነበር። አንድን ምንጭ ብቻ አምኖ የሚሠራ ማንኛውም ሥርዓት፣ የሚማርም ሆነ የማይማር፣ ያው አደጋ አለበት።

«በውጭ አገር የተፈተነ ሥርዓት እዚህም ይሠራል።» የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለማረፍ ሲቃረብ በመሣሪያው 140 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) የሚያነብ አውሮፕላን በእውነት አየሩን የሚሰነጥቀው በሞቃት ቀን ከ160 ኖት በሚበልጥ ፍጥነት ነው። በባሕር ጠረፍ ማረፊያዎች መረጃ ብቻ የሠለጠነ ሞዴል ይህን ልዩነት ካልተማረ፣ ሁለት አውሮፕላኖች መቼ እንደሚቀራረቡ የሚሰጠው ግምት ይዛባል። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ መኖሩንም ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የድምፅ መለያ ሶፍትዌርም የእኛን የእንግሊዝኛ አነጋገር ሳይሰማ ከሠለጠነ ያው ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ሰው እያየው ከሆነ» የሚሉ ሰዎች፣ ሰው መቀመጡን ብቻ እንደ መከላከያ ይቆጥሩታል። ሰኔ 24 ቀን 1994 ዓ.ም. ሌሊት በደቡብ ጀርመን ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ አንድ ቱፖሌቭና አንድ ቦይንግ 757 ተጋጭተው 71 ሰዎች ሲሞቱ፣ ያንን ሰማይ ይቆጣጠር በነበረው በስዊዘርላንዱ የዙሪክ መቆጣጠሪያ ክፍል ሰው ነበረ። ባልደረባው ዕረፍት ላይ ስለነበር ብቻውን በሁለት የሥራ ጠረጴዛዎች መካከል ይመላለስ ነበር፤ ጥገና ስለነበር በስክሪኑ ላይ የሚታየው የግጭት ማስጠንቀቂያ አይሠራም፤ ዋናው የስልክ መስመርም ተቋርጦ ስለነበር አደጋውን ያዩት በጀርመን የካርልስሩሄ መቆጣጠሪያ ባልደረቦቹ ሊደርሱለት አልቻሉም። ግጭቱ ሊደርስ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ቱፖሌቩን «ውረድ» ሲለው፣ በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የግጭት መከላከያ «ውጣ» አለ፤ ሌላው አውሮፕላን ደግሞ በራሱ መሣሪያ ትእዛዝ እየወረደ ነበር። አብራሪዎቹ ሰውየውን ታዘዙ። ያ ሰው ጊዜም፣ መረጃም፣ ረዳትም ሳይሰጠው ኃላፊነቱ ብቻ ተሰጥቶት ነበር።

ጊዜ ስል በቁጥር ነው። ፊት ለፊት የሚመጡ ሁለት ጄቶች እያንዳንዳቸው በ450 ኖት ቢበሩ በደቂቃ 15 ኖቲካል ማይል ይቀራረባሉ፤ በራዳር የምንጠብቀው የ5 ማይል ርቀት በ20 ሰከንድ ያልቃል። በዚህ 20 ሰከንድ ውስጥ «ማሽኑ ቢሳሳት ሰውየው ይረከባል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያሰበበት ሰው አላገኘሁም።

እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልጨምር። በምናሠለጥንበት ሲሙሌተር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን ቅደም ተከተልና ከፍታ የሚጠቁም ፕሮግራም ስንሞክር፣ ከሰልጣኞቼ ሁሉ የምተማመንባት ልጅ ተረኛ ነበረች። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እያንዳንዱን ጥቆማ አንብባ፣ ስትሪፑን (የእያንዳንዱ በረራ መረጃ የሚጻፍበትን ቀጭን ቁራጭ) በጣቷ ነክታ፣ ከዚያ ትቀበል ነበር። በኋላ ግን ዓይኗ ሳይጨርስ እጇ «ተቀበል» የሚለው ላይ ይደርስ ጀመር። ከአሠልጣኝ ጠረጴዛዬ ሆኜ ሆን ብዬ ወደ አንድ ነጥብ ለሚሄዱ ሁለት አውሮፕላኖች አንድ ዓይነት ከፍታ፣ 13,000 ጫማ፣ እንደ ፕሮግራሙ ጥቆማ አድርጌ አስገባሁ። ተቀበለችው፤ ትእዛዙንም በረጋ ድምፅ አስተላለፈች። ልምምዱን አቁሜ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «መምህር፣ እስካሁን ልክ ነበር እኮ» አለችኝ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ ልክ የሆነን ነገር ማመን የሰው ተፈጥሮ ነውና ንድፉ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ስለዚህ ለዚህ ሙያ ሶፍትዌር የምትሠሩ ወገኖቼ፣ በተቻለ መጠን ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፤ ሰው ማሽኑን ከሚያርም ማሽኑ ሰውን ያርም። ተቆጣጣሪው አስቀድሞ ይወስን፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ውሳኔው ግጭት እንደሚያመጣ ካየ ይጩህ። ጥቆማ መስጠቱ ግድ ከሆነም ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነና ከየትኛው መረጃ እንደተነሣ በስክሪኑ ላይ ያሳይ፤ ያልሠለጠነበት ሁኔታ ሲገጥመው ገና ጊዜ ሳለ ሥራውን ይመልስ። ግዢ የምትፈርሙ ኃላፊዎችም ሻጩን አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ ሥርዓቱ ሲሳሳት ተቆጣጣሪው ስንት ሰከንድ ይቀረዋል?

«መጠባበቂያ ስላለው አያቆምም» ለሚሉም እንዲሁ። በኦገስት 28 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የበረራ ዕቅድ ማቀነባበሪያ ሥርዓት፣ ስማቸው አንድ ዓይነት የሆነ ሁለት የተራራቁ ነጥቦች ያሉበት አንድ ዕቅድ ሲደርሰው ቆመ፤ መጠባበቂያውም ያንኑ ሶፍትዌር ስለሚጠቀም ያንኑ ዕቅድ ተቀብሎ ቆመ። ከ700,000 በላይ መንገደኞች ተጉላሉ። መጠባበቂያ የሚባለው በሌላ መንገድ የሚያስብ ነው፤ ካስፈለገም ወረቀትና እስክሪብቶ።

በእኛ ክፍል ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራሙን አጥፍተን በወረቀት ስትሪፕ ብቻ እንሠራለን። ያቺ ልጅ ፕሮግራሙ በሚበራባቸው ቀናትም እንኳ ከመቀበሏ በፊት የሁለቱን አውሮፕላኖች ከፍታ ድምፅ አውጥታ ታነባለች።