«ሾርት አደረገ» ማለት ምንድን ነው?

ትናንት አንድ ተማሪ ራስፕቤሪ ፓይ 3 የምትባለውን ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ በፌስታል ጠቅልሎ ሱቄ መጣ። «ጋሼ፣ ሾርት አድርጓል» አለኝ። ሰካሁት። ቀዩ መብራት በራ፣ አረንጓዴው ብልጭ ድርግም አለ፣ ስክሪኑም መጣ። የሞተው አንድ ፒን (ገመድ የሚሰካበት እግር) ብቻ ነው። አቦ፣ ይሄ ሾርት አይደለም!

ሾርት ማለት ከረንቱ ሥራ የሚሠራበትን መንገድ ትቶ በአቋራጭ ወደ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መመለሻው መስመር፣ ሲሄድ ነው። እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ ሰፈር መጋላ ሰፈር ለመሄድ በድልድዩ እንዞራለን። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ ግን አሸዋውን አቋርጦ መሄድ እያለ ማን ይዞራል? ከረንትም አቋራጭ ካገኘ በዚያ ይጎርፋል። ፓይ 3 ላይ ያለው ፊውዝ ያን ጊዜ ይግልና በሩን ይዘጋል። ይሄ ፊውዝ አይበጠስም፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይከፍታል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ይዘጋል። ፓወሩን በፒን 2 ወይም 4 ካስገባችሁ ግን ፊውዙን አልፋችሁታል፤ የሚያድናችሁ የለም።

የልጁ ጥፋት ሌላ ነው። የውሃ ታንከር ከፍታ የሚለካ ሴንሰር 5 ቮልት ሲግናሉን በቀጥታ ፒን 11 ላይ ሰክቶታል። የሲግናል ፒኖች የሚችሉት 3.3 ብቻ ነው። እዚህ አቋራጭ የለም። መንገዱ ትክክል ነው፤ በመጋላ ጠባብ መንገድ የጭነት መኪና ገባ እንጂ።

«ሾርት ያደረገ ቦርድ አይድንም፣ ጣለው» እያለ የሚመክር ሰው አለ። በጣም ያናድደኛል። በቴስተር ሳይለኩ እንዴት ይጣላል? ለተማሪ እኮ ትልቅ ገንዘብ ነው! ፓወሩን ንቀሉ፣ ገመዶቹን በሙሉ አውጡ፣ ቴስተሩን የሚጮኸው ላይ አድርጋችሁ ፒን 1ን (የ3.3 ቮልቱን) ከፒን 6 (ከግራውንዱ) ጋር ለኩ። ቴስተሩ ሳያቋርጥ ከጮኸ ሾርት አለ። ለአፍታ ጮኾ ዝም ካለ ካፓሲተሮቹ (ቻርጅ የሚያጠራቅሙት) እየሞሉ ነው፣ አትደንግጡ። ካልጮኸ ፓወር ስጡትና ቮልት ለኩ። ፒን 2 ላይ 5 እያለ ፒን 1 ላይ 3.3 ከሌለ፣ ያኔ ጉዳቱ ከባድ ነው። ቀይ መብራት ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ፓወር መግባቱን እንጂ የቺፑን ጤንነት አይነግራችሁም።

የልጁን ሲግናል በሁለት ሬዚስተር ቀነስንና ገመዱን ወደ ፒን 13 አዛወርነው። ኮዱ ፒኖቹን የሚጠራው በሌላ ቁጥር (በGPIO ቁጥር) ነው፤ ፒን 11 እዚያ 17፣ ፒን 13 ደግሞ 27 ነውና ልጁ ኮዱ ላይ 17 የነበረውን 27 አደረገ። እጁን ከሴንሰሩ ፊት ሲያቀርብና ሲያርቅ ቁጥሩ አብሮት ወረደ፣ ወጣ።