በሹራብ ሥራ ያጋደለ ቅነሳ

ያጋደለ ቅነሳ ሁለት የክር ቀለበቶችን አንድ ላይ በመሥራት የሹራብን ስፋት የማጥበቢያ ዘዴ ነው። ቀለበቶቹ ተደርበው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ዘንበል ስለሚሉ በሹራቡ ገጽ ላይ ሰያፍ መስመር ይታያል። ብብት፣ የቆብ አናትና የካልሲ ጣት መቀስ ሳይነካቸው ቅርጽ የሚይዙት በዚህ ዘዴ ነው፤ ይህም የሹራብ ሠሪ እጅ ከልብስ ሰፊ እጅ የሚለይበት ክብር ነው።

አቅጣጫውን የሚወስነው ከላይ የሚቀረው ቀለበት ነው። ቀኝ መርፌ ሁለቱን ቀለበቶች በአንድ ጊዜ ከግራ በኩል ወግቶ ክር ሲያወጣ፣ የግራው ቀለበት ከላይ ይሆንና ወደ ቀኝ ያጋድላል። ለግራ አጋዳይ ሁለቱ ቀለበቶች ተራ በተራ፣ ሊሠሩ እንደሚወጉ ተወግተው ሳይሠሩ ወደ ቀኝ መርፌ ይተላለፋሉ፤ ከዚያም ግራ መርፌ ከፊት በኩል ገብቶባቸው ከኋላ አብረው ይሠራሉ። ይህ ማስተላለፍ ቢዘለል መጋደሉ አይለወጥም፤ ቀለበቶቹ ግን ይጠማዘዛሉ። የቆየው መንገድ አንዱን አስተላልፎ ቀጣዩን መሥራትና የመጀመሪያውን በላዩ ማሳለፍ ነው፤ ያለፈው ቀለበት ስለሚለጠጥ መስመሩ በጥቂቱ ይላላል። በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለሚሠራ ግራኝ ሁሉም ይገለበጣል።

መስመሩ የጠርዙን አካሄድ እንዲከተል፣ ረድፉ በሚጀመርበት የቀኝ ዳር ግራ አጋዳይ፣ በሚያልቅበት የግራ ዳር ደግሞ ቀኝ አጋዳይ ይደረጋል። ከጠርዙ አንድ ወይም ሁለት ቀለበት ገባ ብሎ መሥራት ለመገጣጠም ያመቻል፤ መስመሩም በግልጽ ይታያል። ከታች ወደ ላይ በሚሠራ የራግላን ሹራብ፣ ማለትም እጅጌው በሰያፍ እስከ አንገት በሚዘልቅ ሹራብ፣ አራት መስመሮች ስላሉ፣ በእያንዳንዱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሲቀነስ በየሁለት ዙሩ 8 ቀለበት ይቀንሳል። ራግላን የሚለው ስም በ1815 (እ.ኤ.አ.) በዋተርሉ ጦርነት ቀኝ እጃቸውን ካጡት እንግሊዛዊ መኮንን፣ ኋላ ሎርድ ራግላን ከተባሉት፣ የመጣ ነው፤ እጅጌው ለእርሳቸው ተብሎ እንደተሠራም ይነገራል።

ከመካከለኛው ዘመን ግብጽ የተገኙ ሹራብ ቁርጥራጮች ሙያው ጥንታዊ መሆኑን ያሳያሉ። የማሽኑ ታሪክ በተሻለ ተመዝግቧል። በ1589 ዊልያም ሊ በኖቲንግሃምሻየር የካልሲ መሥሪያ ማሽን ፈለሰፈ፤ በዚህ ማሽን ለማጥበብ ሠራተኛው ቀለበቶቹን በእጁ ከመርፌ ወደ መርፌ ያዛውር ነበር። በ1864 ዊልያም ኮተን የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሽን ብዙ ቁራጮችን ጎን ለጎን እየሠራ በራሱ ያጠብብ ጀመር። በጥሩ ፋብሪካ ሹራቦች ብብት አጠገብ የሚታዩት ትንንሽ ሰያፍ ምልክቶች የዚህ አሠራር አሻራ ናቸው። ቅርጹ በአሠራሩ ላይ እንጂ በመቀስ እንዳልወጣ ስለሚመሰክሩ፣ የሙያው ሰው ሹራብ ሲገዛ መጀመሪያ የሚፈልገው እነርሱን ነው።

ሁለቱን ቀለበቶች አስተላልፎ ከኋላ የመሥራቱን ስልት በሰፊው ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ የሹራብ መጻሕፍት ጸሐፊ ባርባራ ዎከር እንደሆነች ብዙዎች ይስማማሉ።

በቆብ አናት ላይ አንዱን አቅጣጫ ብቻ መደጋገም መስመሮቹ እንደ ሽክርክሪት ወደ መሃል እንዲዞሩ ያደርጋል። ቀኝና ግራን ማፈራረቅ ግን አናቱን ቀጥ ባሉ ክፍሎች ይከፍለዋል።