ጠብታ ድንጋይ ይቦረቡራል፤ ድንጋዩስ ምን ይላል?

«ጠብታ ድንጋይ ይቦረቡራል።» ይህን አባባል በአንድ መልክ ወይም በሌላ ሳትሰሙት አትቀሩም። ቋንቋ የሚማር ሰው ለራሱ ይለዋል። ስፖርት የጀመረ ሰው ስልኩ ላይ ይለጥፈዋል። እኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ዓይነት ነው። አትቸኩል፣ አትተው፣ ይሆናል።

በላቲን «ጉታ ካዋት ላፒደም» ይባላል። በዚህ አጭር ቅርጹ ያስቀመጠው ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ነው። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኦቪድ ይህን ሲጽፍ ማንንም ለማበረታታት አላሰበም። ከጠብታው ወገንም አልነበረም። የድንጋዩን ቦታ ይዞ ነው የተናገረው።

ኦቪድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ሱልሞ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተወለደ። ሮም ውስጥ በግጥሙ ዝናው ናኘ። ዕድሜው ሃምሳ ላይ ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ8 ዓ.ም.፣ አውግስጦስ ቄሣር ከሮም አስወጣው። በሉቃስ ወንጌል «ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ» ትእዛዝ ያወጣው ያው አውግስጦስ ነው። ገጣሚው የተላከው ጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ቶሚስ ነው። ዛሬ የሮማኒያዋ ኮንስታንሳ ናት።

ጥፋቱ ምን ነበር? ራሱ «ግጥም እና ስሕተት» ይላል። ስሕተቱ ምን እንደሆነ በግልጽ ሳይናገር ሞተ። ግጥሙ ግን «የፍቅር ጥበብ» ነው፤ ወንድ ሴትን እንዴት እንደሚያጠምድ በቀልድ የሚያስተምር መጽሐፍ። አውግስጦስ ደግሞ ዝሙትን በሕግ ወንጀል ያደረገ ሰው ነው። እንግዲህ አስቡት።

አሁን ወደ ጠብታችን እንመለስ። የመጀመሪያውን ጠብታ የምናገኘው እዚያው የተወገዘው መጽሐፍ ውስጥ ነው። የላክህላትን ደብዳቤ ሳታነበው መለሰችልህ? ተስፋ አትቁረጥ፣ ይላል ኦቪድ። የብረት ቀለበት ጣት ላይ ሲውል ሲያድር ያልቃል። ማረሻን አፈር ይበላዋል። ከድንጋይ የጠነከረ፣ ከውሃስ የለሰለሰ ምን አለ? ግን ለስላሳው ውሃ ጠንካራውን ድንጋይ ይቦረቡረዋል። ቀጥሎ ደግሞ ድፍረቱን ያመጣዋል፦ አንተ ብቻ ጽና፣ ጊዜ ይፍጅ እንጂ ፔነሎፔን ራሷን ታሸንፋታለህ።

ፔነሎፔ ማለት በጥንቱ የግሪክ ተረት የጀግናው የኦዲሴየስ ሚስት ናት። ባሏ ትሮይ ዘምቶ ሃያ ዓመት ሲቀር የጠበቀችው፣ ያፈጠጡባትን ፈላጊዎች ለማዘግየት ቀን የሸመነችውን ሌሊት ትተረትር የነበረችው። የታማኝነት ምሳሌ የሆነችውን ሴት ነው «እሷም ትረታለች» የሚለው። በዛሬ ዓይን ሲታይ ምክሩ ራሱ ደስ አይልም። እምቢ ያለች ሴት ድንጋይ አይደለችም።

ምስሎቹን እንኳ ኦቪድ ራሱ አልፈጠራቸውም። ከእሱ በፊት ሉክሬቲየስ የተባለ ገጣሚ ሦስቱንም፣ ቀለበቱን፣ ጠብታውን፣ ማረሻውን፣ አንድ ላይ ደርድሯቸዋል። እሱ የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። ቁስ ሁሉ ለዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች እንደተሠራ ለማስረዳት ነው። ቀለበቱ ሲመነምን እናያለን፤ በየቀኑ ምን እንደጎደለበት ግን አናይም። ፊዚክስ ነው እንግዲህ። ኦቪድ ፊዚክሱን ወስዶ የሴት ማባበያ አደረገው።

ከዚያ ስደቱ መጣ። ከቶሚስ «ሐዘናት» የሚባሉ አምስት መጻሕፍትና «ከጥቁር ባሕር የተላኩ ደብዳቤዎች» የሚባሉ አራት መጻሕፍት ጻፈ። ሁሉም በግጥም ናቸው። በክረምት ወይን ጠጁ ይረጋና የማሰሮውን ቅርጽ ይዞ ይቆማል ይላል፤ አይጠጡትም፣ እየቆራረሱ ይበሉታል። በዳኑብ ወንዝ በረዶ ላይ በሬዎች ጋሪ ይጎትታሉ። የከተማዋን ስም እንኳ በተረት ተርጉሞታል። «ቶሚስ» በግሪክ መቁረጥ ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ እናም በግሪክ ተረት ሜዲያ የተባለችው የንጉሥ ልጅ ከአባቷ ስትሸሽ ወንድሟን የቆራረጠችው እዚህ ነው ይላል። አባትየው የልጁን አካል ሲለቃቅም እንዲዘገይላት።

በስድስተኛው በጋ ለወዳጁ ለአልቢኖቫኑስ ፔዶ ጻፈ። የእኛ አባባል ያለው እዚህ ደብዳቤ ላይ ነው። የትኛውን ድንጋይ፣ የትኛውን ብረት ከእኔ ጥንካሬ ጋር ታወዳድራለህ? ብሎ ይጠይቀዋል። ጠብታ ድንጋይ ይቦረቡራል፣ ቀለበት በመደረግ ብዛት ያልቃል፣ ማረሻም በአፈር ይመነምናል። ሁሉን የሚበላው ጊዜ ከእኔ በቀር ሁሉን ያጠፋል። ሞት እንኳ ጥንካሬዬ አሸንፎት ይለግማል።

አያችሁት? ድንጋዩ ያልቃል፣ እኔ ግን አላልቅም ማለቱ ነው። ኩራት አይመስለኝም። ቢያልቅለት ደስ የሚለው ሰው ምሬት ነው።

ወዲያው ደግሞ የፔነሎፔን ባል ይጠራዋል። የትዕግሥት ምሳሌ ኦዲሴየስ ነው ይባላል፣ አሥር ዓመት በባሕር ተንገላቷልና። ግን ስድስቱን ዓመት ከውቧ ካሊፕሶ ጋር አልነበረም እንዴ? ከባሕር ሴት አምላክ ጋር መተኛት ምኑ መከራ ነው? የነፋሳቱ ጌታ ነፋስ በስጦታ ሰጠው። በዘፈናቸው መርከበኛን አማልለው የሚያጠፉት ሳይረኖችም ቢሆኑ ዘፈናቸው ጥሩ ነው። የሚያስረሳው የሎተስ ፍሬስ መረረው? እዚህ ላይ ቀልዱ ይቆምና እንዲህ ይላል፦ ሀገርን የሚያስረሳ ጭማቂ ቢገኝ ከዕድሜዬ ከፍዬ በገዛሁት ነበር። ስድስት ዓመት ለኦዲሴየስ፣ ስድስት በጋ ለእሱ። ቆጥሮ የጻፈው ይመስለኛል።

ታዲያ አባባሉ እንዴት ተገለበጠ? በመካከለኛው ዘመን ሰዎች ጭራ ቀጠሉለት፦ «በኃይል ሳይሆን ደጋግሞ በመውደቅ»። ይህ ጭራ የኦቪድ አይደለም። ከተቀጠለ በኋላ ግን አድማጩ ሁሉ ራሱን ጠብታ አድርጎ ሰማው። በኦቪድ ስንኝ «እኔ» የሚለውን ድንጋይ ማንም አላስታወሰውም።

ሆኖም አንድ ነገር ልጨምር። ኦቪድ ድንጋይ ነኝ ቢልም ሥራው የጠብታ ነበር። ዘጠኝ መጻሕፍት ሙሉ አንድ ልመና ነው የሚደጋግመው፦ መልሱኝ፣ ካልሆነም ትንሽ ቀረብ አድርጉኝ። አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ14 ዓ.ም. ሳይመልሰው ሞተ። ተከታዩ ጢባርዮስ ቄሣርም አልመለሰውም። ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ17 ወይም በ18 ዓ.ም. እዚያው ቶሚስ አረፈ። የሮም ከተማ ምክር ቤት ቅጣቱን የሻረለት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ነው።

ኮንስታንሳ አደባባይ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ የነሐስ ሐውልቱ ቆሟል፣ ተክዞ። የዚያ ሐውልት ግልባጭ እ.ኤ.አ. በ1925 ትውልድ ከተማው ቆመ።